ሌላው ወገን ሳይሰማ

የተማርኩት ሳቅ ነው። ሰው አገር ድረስ ሄጄ፣ ፀጉሬ እስኪሸብት የለፋሁበት ሙያ የጥንት ግሪኮች ቲያትራቸው ውስጥ ተሰብስበው በምን በምን ይስቁ እንደነበር ማጥናት ነው። ያሳደገኝ ሰው ግን የማይስቅ ሰው ነበር። ጡረታዬ በተቃረበበት በዚህ ጊዜ ከመጻሕፍቱ ሁሉ ይልቅ የማስበው እሱን፣ አባቴን ነው።

መንደራችን ከእንጅባራ ወደ ዘንገና ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። አባቴ እዚያ የታወቀ ሽማግሌ ነበር። ሽማግሌ ስል ዕድሜውን ማለቴ አይደለም፤ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ ድንበር የተጋፋን የሚመልስ ማለቴ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤታችን በላይ ካለው ኮሶ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ከጎኑ ሌሎች ሽማግሌዎች፣ ከፊቱ ከሳሽና ተከሳሽ። ከዚያ ዛፍ ሥር አንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበር፦ ሽማግሌ ነገር ሲሰማ አይስቅም። ከሳቀ ከሁለቱ የአንዱ ወገን ሆኗል ማለት ነው፤ ሳቁ ለአንዱ ሲጥመው ሌላውን ያቆስላልና። ሳቅ ያመለጠው ሽማግሌ ከዘራውን መሬት ላይ አስተኝቶ ይነሣል፤ ከዚያ ወዲያ ከዛፉ ሥር አይቀመጥም። ማንም አይቆጣውም፣ ማንም ሂድ አይለውም፤ ራሱ ያውቀዋል።

አባቴ ይህን ሕግ ወደ ቤቱም ይዞት ገባ። ነገርተኛ በማንኛውም ሰዓት በር ሊያንኳኳ ስለሚችል ፊቱን ሁልጊዜ እንዳዘጋጀ ነበር የሚኖረው። እናቴ ታዲያ፣ «እኔ አንድ ጊዜ ሲስቅ አይቸዋለሁ» ትለን ነበር። መቼ? «በሠርጋችን ማግሥት።» በምን? ይህንንስ አትናገርም። ልጆቿ ሁላችን ያንን ምስጢር እንደተመኘን አደግን፤ እሷም ይዛው ሄደች።

እኔ በልጅነቴ ከዛፉ ሥር ለተቀመጡት ጠላና ውሃ አቀርብ ነበር፤ ስለዚህ የማልሰማው ነገር አልነበረም። አንዲት ሴትዮ የጎረቤቷን አውራ ዶሮ ከሰሰች፤ ጥፋቱ ዶሮዎቿን እየጠራ ማስኮብለሉ ነው። ሌላው ደግሞ ወንድሙን ከሰሰ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሰውዬው ከፈረስ ወድቆ መሬት ላይ ተዘርግቶ ሳለ ወንድሙ በዚያ ያልፍና «እንደምን ዋልክ?» ይለዋል። በቃ፣ ክሱ ይኸው ነው። እኛ አገር ሰው ከፈረስ መውደቁ ሳይሆን ሲወድቅ መታየቱ ነው የሚያመው። የወንድሙ ሰላምታ ማየቱን መሰከረበት። አባቴ ሁለቱንም ወገን ከልቡ ሰማ፤ ከባልንጀሮቹ ጋር መከረ፤ ወንድምዬው ይቅርታ እንዲጠይቅ፣ ለወደፊቱም የወደቀው ተመልሶ ኮርቻ ላይ እስኪወጣ ድረስ እንዳላየ እንዲያልፍ ፈረደ። ሁለቱ ወንድማማቾች ተቃቅፈው አለቀሱ። እኔ ጠላውን እዚያው አስቀምጬ ሮጥኩና ጓሮ ቀርከሃው ውስጥ ገብቼ፣ ሆዴን ይዤ፣ እስኪያመኝ ሳቅሁ።

ያ የቀርከሃ ጓሮ ነው እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት ቤቴ። ቀጥሎ እንጅባራ፣ ከዚያ ዳንግላ ቤት ተከራይተን ሁለተኛ ደረጃ፣ ከዚያም አዲስ አበባ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ቋንቋ ሳጠና አንድ የውጭ አገር አስተማሪ የጥንት ግሪክ ቋንቋ ሊያስተምር ሲመጣ፣ ሌላው ተማሪ ለእንጀራ የማይሆን ብሎ ሲሸሽ እኔ ተመዘገብኩ። ለምን እንደተመዘገብኩ አሁንም አላውቀውም፤ እልኸኛ ስለሆንኩ ይመስለኛል። የመጀመሪያውን ኮሜዲ መዝገበ ቃላት እየገለጥኩ፣ በቀን ጥቂት መስመር እየገፋሁ ሳነብ ግን ደነገጥኩ። ገበሬዎች ናቸው። ጎረቤታሞች ናቸው። በአጥር፣ በንብ ቀፎ፣ በበለስ ዛፍ ይካሰሳሉ። ከኮሶው ሥር የሰማሁት ሁሉ በሌላ ቋንቋ ተጽፎ ቆየኝ። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው። እነዚያ ከተማቸውን ሙሉ ሰብስበው፣ ሹሙንም ድሃውንም አንድ ላይ አስቀምጠው፣ በግልጽ ይሳሳቁበታል። ጓሮ መሮጥ የለም። አንጀቴ ራሰ፤ የምኖርበትን ሙያ ያን ዕለት መረጥኩ።

ሰው አገር ሄጄ ዶክትሬቴን ስሠራ የያዝኩት ብጣሾቹን ነው። ይህን ልግለጸው። ከዚያ ዘመን ኮሜዲዎች ሙሉ ሆነው የደረሱን ጥቂት ናቸው። ብዙዎቹ ጠፍተዋል። የቀረልን አንዳንድ መስመር ነው፤ የኋላ ዘመን ሊቅ ስለ አንድ ቃል ወይም ስለ አንድ ምግብ ሲጽፍ በምሳሌነት ያነሣት መስመር። ቀልዱ ተጀምሮ መልሱ የለም፤ ወይም መልሱ አለና ጥያቄው የለም። የኔ ሥራ እነዚህን መሰብሰብ፣ ማን ለማን እንደተናገራት መገመት፣ ከጎኗ ምን እንደነበረ መፈለግ ነው። ሰው ሲሰማው ያሳዝነዋል። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነው የሠራሁት፤ ሌላው የወደቀ ሲሳይ ሲፈልግ እኔ የወደቀ ሳቅ ስለቅም ኖርኩ።

ተመርቄ በተመለስኩበት ክረምት አባቴ ከእሳቱ ዳር አስቀመጠኝና፣ «ለመሆኑ ምንድን ነው የተማርሽው?» አለኝ። ከእሱ ጋር የምናወራው በአዊኛ ነው፤ እዚህ በአማርኛ ሲናገር ብታገኙት ያናገርኩት እኔ ነኝ። ማስረዳት ስጀምር እንደማይሆን ገባኝ። ስለዚህ ከብጣሾቼ ሁሉ የምወዳትን መረጥኩ። አንድ ሰው ለጎረቤቱ አህያ አውሶታል፤ ጎረቤቱ አህያዋን ሲመልስ ባለቤቷ እንዲህ ይለዋል፦

«ጤነኛ አህያ አዋስኩህ፤ አንተ ግን የሰከረች መለስክልኝ!»

ይህን በአዊኛ፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ እንደ ተቆጣ ሰው ሆኜ ተናገርኩ። ወንድሜ ፍርስ ብሎ ሳቀ። እናቴም በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። አባቴ እሳቱን አየ።

«ሌላውስ ምን አለ?»

«ማን፣ አባባ?»

«የተዋሰው ነዋ።»

«የሱ መልስ ጠፍቷል። የተጻፈበት አልተገኘም።»

«ሌላው ወገን ሳይሰማ እንዴት ይሳቃል?» አለኝ፤ ደግሞም ተቆጥቶ አልነበረም፣ የምሩን ነበር የጠየቀኝ።

ከዚያ ምርመራው ተጀመረ። አህያ ናት ወይስ ፈረስ? አህያ ናት፤ ፈረስ ብትሆን ኖሮ ነገሩ ይከብድ ነበር። ምን ጠጥታ ነው የሰከረችው? ወይን ጠጅ ይሆናል አልኩት። «ለአህያ ማን ወይን ጠጅ ይሰጣታል? አተላ ነው» አለ። ግሪክ አገር ጠላ የለም፣ አተላም የለም ብዬ ብከራከረው ማን ሰምቶኝ። እኛ ሰፈር ጠላ ሲጠመቅ አተላው ለከብት ይሰጣል፤ ድግስ ቤት ደጃፍ የታሰረች አህያ አተላ ጠጥታ ስትንገዳገድ ያላየ የለም። በአባቴ ዘንድ ነገሩ እንደ ቀን ብርሃን ግልጽ ነበር። የተዋሰው ሰውዬ ጠላ ጭኖ ድግስ ቤት ሄዷል፤ ከአተላው ገንዳ አጠገብ አስሯታል፤ እሱ ሲዝናና ጠጥታለች። ጥፋተኛ ነው። ለባለቤቷ ይቅርታ ይጠይቅ፣ እስክትድንም በገዛ ሣሩ ይቀልባት።

«ግን» አለ፣ ጣቱን አንሥቶ፣ «ቃሉን ስላልሰጠ ይህ ፍርድ አልጸናም። መልሱ እስኪገኝ ቀጠሮ ላይ ነው።»

ቀጠሮ ላይ! ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ለሞቱ ሰዎች! እኔ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። እሱ ምን እንዳሳቀኝ ሊገባው አልቻለም።

እልህ የያዘኝ ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በኔ ግሪኮች አባቴን ማሳቅ ፈለግሁ። ልጅነት ነው በሉት። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼን በሳቅ አፈነዳለሁ፤ ሰው አገር ጉባኤ ላይ ቆሜ የተኮሳተሩ ፕሮፌሰሮች መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ። ያን ሁሉ ሳይ ደስታዬ ሙሉ አይሆንም፤ ሆዴ ከእሳቱ ዳር ወዳለው ሰውዬ ይሄድብኛል። ለገናና ለፋሲካ ስመጣ ሁሌ አዲስ ብጣሽ ይዤ እመጣለሁ። የገዛ ካባውን ሰርቀሃል ተብሎ የሚከሰሰውን፣ ባሏን ከሌላ ባል ጋር የምታነጻጽረዋን፣ ዓሣ ነጋዴውን የሚረግመውን አብሳይ። አባቴ ሁሉንም በትዕግሥት ይሰማል፤ ይጠይቃል፤ ይፈርዳል፤ መልሱ የለም ስለው ቀጠሮ ላይ ያውለዋል። ከሁሉ ግን ያልረሳት አህያዋን ነው። አዲስ አበባ ሆኜ ስልክ ስደውል ከጤናዬ ቀጥሎ የሚጠይቀኝ፣ «የዚያ ሰውዬ መልስ አልተገኘም?» ብሎ ነው።

ነገሩን ለባልንጀሮቹ ሳይቀር ነግሯቸዋል። አንድ ጊዜ ጥሊሊ ገበያ ላይ የማላውቃቸው ሽማግሌ አስቁመውኝ፣ «አንቺ ነሽ የግሪኩን ነገር ያመጣሽብን?» አሉኝ። አዎ ብላቸው፣ «ባለቤቷ አስቀድሞ ጠባይዋን መናገር ነበረበት። እኔ ከአባትሽ አልስማማም» ብለውኝ ድንች ጆንያቸውን ተሸክመው ሄዱ። እንደ እነዚያ ዓመታት ግሪኮቼ በሕይወት ያሉ መስሎ ተሰምቶኝ አያውቅም። ያኔ እናቴም ነበረች፤ ከእንጅባራ የሚነፍሰው ብርድ፣ የቀርከሃው መንሿሿት፣ ሁሉም በቦታው ነበር። ይናፍቀኛል።

ባለፈው ዓመት የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ሰው አገር ያለ የሙያ ባልደረባዬ ከግብፅ አሸዋ የወጡ፣ ሳይነበቡ ሳጥን ውስጥ የኖሩ የፓፒረስ ቁርጥራጮች ሲያጠና ከአንዷ ላይ የታወቀች መስመር ያገኛል። የኔ አህያ። ከሥሯ ደግሞ ሌላ መስመር አለ። ፎቶውን ላከልኝ። ቢሮዬ ተቀምጬ ፊደል በፊደል አነበብኩት፤ የሚያጠራጥር ነገር አልነበረውም። ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዬ መጣ።

ስልኬን አንሥቼ ደወልኩ። ኔትወርክ የለም። በማግሥቱም የለም። ያኔ በእኛ አካባቢ ኔትወርክ ይመጣ ይሄድ ነበር፤ መንገዱም እንደዚያው ይዘጋ ይከፈት ነበር። ከዚያ በፊት ወንድሜ የነገረኝ የመጨረሻ ወሬ ጥሩ አልነበረም። አባባ እህል አልበላ ብሏል፣ እግሩ አልጸና ብሏል፣ እሑድ ሲመጣ ግን ኮሶው ድረስ በፈረስ ደግፋችሁ ካላደረሳችሁኝ እያለ ያስቸግረናል ነበር ያለኝ። ሳልደርስ ቢያርፍስ? ያን ሁሉ ዘመን ቀጠሮ ላይ ያኖረውን ነገር መልሱ በእጄ ሳለ ሳይሰማው ቢሄድስ? ስለ ፓፒረሱ መጻፍ የነበረብኝን ጽሑፍ ትቼ ባሕር ዳር በረርኩ፤ ከዚያ በሚኒባስ። ዳንግላ ላይ መንገድ እስኪከፈት ብለው አሳደሩን። ተማሪ ሳለሁ ከተከራየሁበት ሰፈር አጠገብ ነበር ያደርኩት፤ ግን ወጥቼ እንኳ አላየሁትም፣ ልቤ ከእኔ ጋር አልነበረም። በማግሥቱ እሑድ እንጅባራ ገባሁና ባጃጅ ይዤ በቀጥታ ወደ ኮሶው።

እዚያው ነበር። ጋቢው ሰፍቶበታል፣ ፊቱ አጥንት ሆኗል፣ ከዘራውን ግን እንደ ወትሮው ከጉልበቱ መሃል አቁሞ ይዟል። የያዙትን ነገር ጨርሰው መመረቅ ጀምረው ነበር። ሲያየኝ ሳመኝና፣ ገና አጠገቡ ሳልቀመጥ ከፊቴ አነበበው።

«ተገኘ?»

«ተገኘ፣ አባባ።»

ቤት ገብተን በኋላ እንጫወተዋለን ብዬ ነበር። እሱ ግን ባልንጀሮቹን ዞር ብሎ አየና፣ «አትነሡ። ቀጠሮ የነበረ ነገር አለን» አላቸው። ተመልሰው ተቀመጡ። ታርቀው የነበሩት ሰዎች ሳይቀሩ ተቀመጡ። አባቴ በደከመ ድምፅ፣ ግን አንዲት ነገር ሳይዘነጋ፣ ክሱን ከመጀመሪያው ተናገረ፦ እገሌ የተባለ ግሪካዊ አህያውን ጤነኛ አዋሰ፤ ሰክራ ተመለሰች፤ ተከሳሽ ቃሉን አልሰጠም ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ዛሬ በተከሳሽ ቦታ ሆነሽ ተናገሪለት» አለኝ።

ተነሥቼ ቆምኩ።

«ተከሳሽ እንዲህ ይላል» አልኩ። «‹እኔ ነኝ እንዴ እሷን የመለስኳት? እሷ ናት እንጂ እኔን የመለሰችኝ!›»

ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ፤ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ሳቃቸውን እየዋጡ መሆናቸውን ትከሻቸው ይናገር ነበር። አባቴ ግን ጋቢውን አልሳበም። ሰውዬው አህያዋ ላይ ተዘርሮ፣ እሷም እየተንገዳገደች መንገዱን ጠብቃ ወደ ቤት ስታመጣው፣ ከፊቱ ሲያልፉ እያየ ይመስለኛል። «ኧረ!» አለ፤ «እንግዲያ ካሣው ለእሷ ነበር የሚገባው!» ከዚያ ሳቀ። በትንሹ አይደለም፤ ፈነዳ። ጥርሶቹ የቀሩት ሁሉ ታዩ፣ እንባው ወረደ፣ በአንድ እጁ ክንዴን ይዞ ተንፈራፈረ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ እዚያው ከሰው ፊት፣ ጓሮ ሳልሮጥ። በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰትኩበት ቅጽበት የለም።

ስናበቃ ሌላ የሚስቅ ሰው እንደሌለ አስተዋልኩ። ከጎኑ የሚቀመጡት ባልንጀራው ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር፤ የሳቅ አልነበረም። አባቴ ከዘራውን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስተኛው። «መርቁኝ» አላቸው። ሁሉም ተነሥተው መረቁት።

ቁልቁል ወደ ቤት ስንወርድ ባልንጀራው ክንዴን ይዘው ወደ ኋላ አስቀሩኝ። እኔ ጥፋት እንዳጠፋ ሰው ማልቀስ ጀምሬ ነበር። «ተይ» አሉኝ። «ይህን ሰው በስንቱ ነገር አይቸዋለሁ። መያዝ ቢፈልግ ይይዘው ነበር። እንደደከመ ያውቃል፤ በምን እንደሚነሣ ነው ሲመርጥ የከረመው። አንቺን ጠብቆ ነው።»

ከዚያ ብዙ አልቆየልኝም። የቆየልኝን ያህል ግን አልተለየሁትም፤ ትምህርቱም ጽሑፉም ይጠብቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ደጅ እናወጣዋለን፤ እኔ ከእግሩ ሥር ቁጭ ብዬ ብጣሾቼን አንድ በአንድ አወጣለታለሁ። ቀጠሮ ላይ የነበሩትን ሁሉ። ካባ ሌባውን፣ አብሳዩን፣ ሁለት ባል የምታነጻጽረዋን። «መልሱ የለም እኮ፣ አባባ» እለዋለሁ። «ይቅር» ይላል፣ ይስቃል። እናቴ ምስጢር ያደረገችውን ያንን ሳቅ በየጠዋቱ አገኘሁት።

አንድ ቀን እንዲህ ስንሳሳቅ ከጥርባ በኩል የመጡ ሁለት ሰዎች አጥሩ ጋ ደረሱ። አኩርፈው፣ ተራርቀው ነው የቆሙት፤ ነገር እንዳላቸው ያስታውቃሉ። አንደኛው ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ሽማግሌው አሉ?» ሲል ጠየቀ።

አባቴ እንባውን በጋቢው ጫፍ ጠረገ።

«ሽማግሌው የሉም» አላቸው። «እኔ የእሷ አባት ነኝ።»

ሰዎቹ ግራ ተጋብተው እኔንም እሱንም አዩ፤ ቆይተው እጅ ነሡና ወደ ባልንጀራው ቤት አቀኑ። አባቴ እስኪርቁ ጠበቀና ወደ እኔ ዞረ።

«ቀጥዪ» አለኝ።